ስም የከለከልኳት ሙሽራ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ቡሬ ዙሪያ ገበሬ የነበርኩ፣ ፊደልን ያለ መምህር የቆጠርኩ፣ በኋላም የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ የሆንኩ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ጠጅቱ ናት። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጃችን ማስተዋል። አራተኛው ማስተዋልን ያገባት ልመንህ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ መንደር ያደገ፣ አፉ ዝም ያለ፣ እጁ ግን ሥራ የሚያውቅ ልጅ። አምስተኛዋ የልመንህ እናት ወይዘሮ ጥሩነሽ፤ ባላቸው ቀድመዋቸው የሞቱ፣ ከአንድ ወንድ በቀር ልጅ ያላገኙ። ስድስተኛው የንስሐ አባታችን አባ ይትባረክ። ከስድስታችን ሁለቱ ወደማይቀረው ሄደዋል፤ አራታችን አለን፤ ተመስገን።

ባለፈው ወር የወይዘሮ ጥሩነሽ ሙት ዓመት ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ ዝክሩ ተበልቶ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በባጃጅ ስንመለስ አጠገቤ የተቀመጠችው የልጅ ልጄ ቃልኪዳን ነበረች፤ ባሕር ዳር ተምራ እዚያው የምትሠራ። ስልኳን ስታይ ቆይታ ድንገት ቀና አለችና፣ ከሕፃንነቷ እየሰማች ጠይቃ የማታውቀውን፣ እዚያ መንደር ሰው ሁሉ እናቷን የሻረግ የሚላት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መታወቂያዋ ላይ ያለው ማስተዋል ነው አለች። የዚያ ቤት ስሟ ነው አልኳት። ሳቀች። የሻረግ የአሮጊት ስም ነው፣ አሁን ማን ልጁን የሻረግ ይላል አለች። ባለ ባጃጁ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «የኔ እናት የሻረግ ናት፤ አርባም አልሞላት» አላት። ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ዋጠች። የእኔ ልብ ግን መንገዱን ትቶ ወደ ኋላ ሄደ።

እውነቷን ነው፣ ስሙ ዛሬ አይሰማም። በእኛ ጊዜ የሻረግ የሌለችበት መንደር አልነበረም። ምንጭ ዳር ቆመህ «የሻረግ» ብትል ሦስት እንስራ ይዞር ነበር። የሺህ ሰው ሐረግ ማለት ነው፤ ሲሰጥም ምርቃት ነው፦ ከአንቺ ሺህ ይብቀል፣ ዘርሽ እንደ ሐረግ ይጠምጠም ማለት። ለሕፃን ይወጣል፤ ከሕፃን ይልቅ ግን ለሙሽራ ይወጣ ነበር። በእኛ አገር ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ የአባቷን ቤት ስም ደጅ ላይ ትታ ነው የምትገባው። በሦስተኛው ቀን አማቷ ዘመድ በተሰበሰበበት ቅቤ አናቷ ላይ ታደርግላትና ስም ታወጣላታለች፤ ከስሙ ጋርም እንደ አቅሟ ጊደር ወይም በግ ትሰጣታለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የአባቷን ቤት ስም የሚጠራ የለም። መጥራት፣ ገና እንግዳ ነሽ ማለት ነው።

እኔ ይህን ልማድ እንደማንም አውቀው ነበር። በእሱ ላይ የተነሳሁት ባለማወቅ አልነበረም፤ ዐውቃለሁ ባይነት ነው ያነሳሳኝ። ያንን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት የሚሰደኝ አላገኘሁም። ጎልምሼ፣ ጠጅቱን አግብቼ፣ ቡሬ ገበያ ጨውና ስኳር የሚጠቀለልበትን የጋዜጣ ቁራጭ እየሰበሰብኩ፣ ፊደል የሚያውቅ ባገኘሁ ቁጥር አንድ አንድ ፊደል እየለመንኩ ነው የተማርኩት። ያን ጊዜ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ በፍንጃል ይሸጥ ነበር፤ ስኳሩን ጠጅቱ ትወስዳለች፣ ወረቀቱን እኔ። በሬዎቹ ሲያርፉ ሞፈሩ ላይ ተቀምጬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያልኩ እቆጥራለሁ፤ ጎረቤት ከወረቀት ጋር የሚጨቃጨቅ እብድ ይለኛል። አንድ ቀን ግን አንድ ቃል ሳልቆጥር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሙሉውን አነበብኩት፦ ማስተዋል። ምን ጽሑፍ ውስጥ እንደነበር አላስታውስም፤ ግማሹን ዘይት አጥፍቶታል። ቃሉን ግን ዛሬም አየዋለሁ። በዚያው ወር ሴት ልጅ ተወለደችልኝና ስሟን ማስተዋል አልኳት። እናቴ ሌላ ስም አስባ ነበር፤ አልሰማኋትም።

ልጅቷን ራሴ አስተማርኳት። ቡሬ ትምህርት ቤት ከገባችም በኋላ ከእኔ አላመለጠችም፤ የተሳሳተችውን ቃል ሃያ ጊዜ አስጽፋት ነበር። ጥብቅ አባት ነበርኩ፤ አልክደውም። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ የደርግ ጊዜ ሆኖ እኔም የማኅበር ጸሐፊ ሆኛለሁ። ካኪ ኮት፣ ሁለት እስክሪብቶ የደረት ኪስ ላይ፣ እግሬ ላይ ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ። በየሳምንቱ ስብሰባ ነው፤ ስለ ሴቶች እኩልነት የሚነበበውን የማነበው እኔ ነበርኩ። ሳነበው አምንበት ነበር፤ ዛሬም ከዚያ ውስጥ የማምንበት አለ። ግን ሰው አዲስ ቃል ሲያገኝ በቃሉ አሮጌ ነገሩን ሊሸፍንበት ይችላል።

የልመንህ ሽማግሌዎች የመጡት በዚያ ጊዜ ነው። ጨዋ ቤት ናቸው፣ ልጁም ሠራተኛ ነው፤ ጠጅቱ ገና በር ላይ ሳሉ ወዳቸዋለች። ጥሎሹም አላጣላንም፦ የቴትሮን ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ሁለት ነጠላ፣ ከፍኖተ ሰላም የተገዛ ሸራ ጫማ። ሁሉ ካለቀ በኋላ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና አንድ ነገር ቀርቷል አልኩ። የልጄ ስም እንዳይለወጥ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው የነበሩት አባ ይትባረክ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ፣ «ጸሐፊ፣ ይህስ ይቅር። ይህ የእናትየው ድርሻ ነው» አሉኝ። እኔም፣ «ልጄ ከብት አይደለችም አባ፤ ባለቤት በተለወጠ ቁጥር ምልክቷ የሚለወጥ» አልኩ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከጓዳ የጠጅቱ ሳል ተሰማ፤ በኋላ እንደገባኝ ሳል አልነበረም፣ ተው ማለቷ ነበር።

ሽማግሌ የተባለውን ያደርሳል፤ አደረሱ። ወይዘሮ ጥሩነሽም እሺ አሉ።

ሠርጉ ጥር ላይ ነበር። ባትሪ የሚበላ ቴፕ ክር እየጎተተ ሲያስቸግር ሴቶቹ ገፍተው ጣሉትና በአፋቸው ዘፈኑ፤ ያን ጊዜ በአንድ በግ ዋጋ ስንት ድንጋይ ባትሪ እንደሚገዛ የምናውቅ ሰዎች ስለነበርን ማንም አላዘነም። በሦስተኛው ቀን የሆነውን ከእኛ ወገን ሄደው የነበሩ ነገሩኝ። ዘመድ ተሰበሰበ፣ ቅቤው ቀረበ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቅቤውን የልጄ አናት ላይ አደረጉ፣ ሁሉም ስሙን ሊሰማ ዝም አለ። ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት። «አባቷ አልፈቀዱም» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ። ለስሙ የተዘጋጀችው ጊደርም ከታሰረችበት አልተፈታችም። ከዚያ አንዷ የመንደር ልጃገረድ ከበሮውን አንሥታ፣

ጎጆው ተቀለሰ ማገር ሳይታሰር፣
ሙሽሪት ገባች አሉ ያለ ስም ልትኖር።

አለች አሉ። ይህ ሲነገረኝ ቃሌ ተከበረ ብዬ ደስ አለኝ። የተሰማኝን ላለመሸሸግ ነው ይህን የምጽፈው።

በዓል በመጣ ቁጥር ማስተዋል ትመጣለች። ደህና ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትላለች። ጠጅቱ ግን ልጇን ከላይ እስከ ታች ታይና ወደ ጓዳ ትወስዳታለች፤ ሲወጡ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ምን ሆናችሁ ስል ሽንኩርት ነው ይሉኛል። በፋሲካ ሽንኩርት፣ በእንቁጣጣሽ ሽንኩርት፣ በመስቀልም ሽንኩርት። እኔም አመንኩ፤ ማመን ይቀለኝ ነበር።

በዓመቱ መጋቢት ላይ ስለ እህል ኮታ ስብሰባ ፍኖተ ሰላም ተጠራን። ስብሰባው ሲያልቅ ከኅብረት ሱቅ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ ልጄን ልጠይቅ ወደ መንደሯ ወጣሁ። አጥሩ ጋ ስደርስ ወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢው ውስጥ በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። እጃቸውን ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ዶሮ የሚያባርሩ መሰለኝ። ልጄ ከቤት ወጣች። በእጃቸው ወደ ቁናው አመለከቱ፤ አምጥታ ሰጠቻቸውና ተመለሰች። ትንሽ ቆይተው እንደገና አጨበጨቡ፤ እንደገና ወጣች። እኔ አጥሩ ላይ እጄን እንዳደረግሁ ቀረሁ።

ሴትዮዋ ሲያዩኝ ተነሥተው በክብር ተቀበሉኝ፤ እግሬን አስታጠቡኝ፣ ያላቸውን አቀረቡልኝ። ክፋት ፊታቸው ላይ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ልመንህም ከእርሻ ገብቶ ሲያስተናግደኝ ሚስቱን «እሷ» ይላታል እንጂ ሌላ አይላትም። ስወጣ ማስተዋል እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። በስምሽ ለምን አይጠሩሽም አልኳት። ድንጋይ ድንጋዩን እያየች፣

«በየትኛው ስም አባዬ? ያንተ ስም እዚህ ቤት አይጠራም። የእሳቸውን አንተ ከለከልክ» አለችኝ።

«ይበድሉሻል?»

«ኧረ አይበድሉኝም። ሲያመኝ ከአልጋዬ አይለዩም። ብቻ አንዳንዴ፣ ቤቱ እሳት ቢይዘው ምን ብለው ይጠሩኛል እያልኩ አስባለሁ።»

ከዚያ እንደ ቀላል ነገር አድርጋ የቀረውን ነገረችኝ። በዚያ መንደር ስም ያልወጣላት ሙሽራ አልጸናችም ይባላል። ጎረቤት ሴቶች ውሃ ሲቀዱ፣ ወደ አባትሽ መቼ ነው የምትመለሽው ይሏታል። ለልመንህም ከመራዊ በኩል ሌላ ልጅ ያዩለት ዘመዶች ነበሩ። እሱ እንቢ ብሏል፤ እስከ መቼ እንቢ እንደሚል ግን አታውቅም። ደግሞም ፀንሳለች፤ ሦስት ወሯ ነው።

እየተቆጣሁ ነው ቤቴ የገባሁት። ዛሬ ሳስበው ቁጣው ከእሷ ኀዘን ሊያመልጥ የፈለገ ሰው ቁጣ ነው። ለፍርድ ሸንጎው ክስ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ፣ ባማረ እጅ። የሴትን ልጅ መብት መርገጥ፣ ኋላ ቀር ልማድ፣ ምኑ ቅጡ። ጠጅቱ ጥጥ እየፈተለች ነበርና አነበብኩላት። እንዝርቷን አላቆመችም። ጠጅቱ በደህናው ቀን አንተ ነው የምትለኝ፤ አንቱ ካለችኝ ግን ነገር አለ።

«ማስተዋልን ሁሉንም ለልጅቱ ሰጡና ለራስዎ አላስቀሩም» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አልኳት።

«እኔን በምን ስም ነው የወሰዱኝ?»

አላውቀውም ነበር። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ልጆች ወልጄ፣ ጠጅቱ የሚለው ስም የእናቴ ስጦታ መሆኑን ረስቼ ነበር። እናቷ ቤት ምን እንደሚሏት አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችኝ። እኛ ቤት ስትገባ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ነገ ይመልሱኛል እያለች እህል አልወረደላትም። በሦስተኛው ቀን እናቴ ጠጅቱ ስትላት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በላች። «ስም የወጣለትን ሰው አይመልሱትም ብዬ ነው» አለች። «የእናቴን ቤት ስም እናቴ ቤት ስሄድ እሰማዋለሁ። ሁለት ቤት አለኝ። ለልጅዎ አንዱን ነሷት።»

ማንበብ የማታውቅ ሴት ናት። ሁለት ገጼን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በማግሥቱ አባ ይትባረክ ዘንድ ሄድኩ። ነግሬዎ ነበር አላሉኝም፤ ይህን ውለታ አልረሳውም። ከቡሬ ገበያ አንድ በግ በሠላሳ አምስት ብር ገዛሁ፤ ባለበጉ አርባ ብሎ ነበር፣ ለምን እንደምገዛው ሲሰማ አምስቱን ተወልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ ደረስን። ከወንዙ ድንጋይ አነሣሁና ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሕዝቡ መካከል ወደ ግቢው ገባሁ። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ የነፍሰ ገዳይ ሥራ ነው፤ ሰው ማንን ገደለ እያለ ከኋላዬ መጣ። ካኪ ኮቴን ለብሼ ነበር። እስክሪብቶዎቹን አውጥቼ ቤት ትቻቸዋለሁ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ በር ላይ ቆመው አዩኝ። አባ ይትባረክ ነገሩን ተናገሩ፦ ይህ ሰው በቃሉ በድሏል፣ ቃሉን መልሷል፣ ስሙን ያውጡላት።  ሴትዮዋም ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ እንዳለ እንዲህ አሉኝ፦

«ላወጣላት የነበረው ስም የኔ ነው። እዚህ ቤት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ስመጣ አማቴ የሻረግ አለችኝ። ባሌም የሻረግ አለኝ። ሁለቱም አፈር ገቡ፤ አሁን የሻረግ የሚለኝ ሰው የለም። አብሮኝ ከሚቀበር ለሴት ልጅ ላውርሰው ብዬ ነበር፤ እግዜር ሴት አልሰጠኝም፣ ያንቱን ሰጠኝ። አንቱ ልጄ ከብት አይደለችም አሉ።» ከዚያም፣ «እኔ ከብት ነበርኩ?» አሉኝ።

በየስብሰባው ሦስት ሰዓት የምናገር ሰው ያን ቀን ከሁለት ነገር በላይ አላልኩም። አልነበሩም፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረዱት። ከብዶዎት ይሆናል አሉ፤ ሰውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ።

ቅቤ መጣ። ልጄ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ወይዘሮ ጥሩነሽ ቅቤውን አናቷ ላይ እያደረጉ ስሙን ከነትርጉሙ ነገሯት፦ ሐረግ ከዱር ተቆርጦ ነው የሚመጣው፤ ያለ እሱ ግን ማገር ከምሰሶ አይያዝም፣ ቤትም አይቆምም፤ ሺህ ሁኚ። እኔ በመጽሐፍ ያላነበብኩት ትርጉም ነበር። ከዚያ ወደ ጓዳ ገቡና ከውስጥ ሆነው ጮክ ብለው፣ «የሻረግ!» ብለው ተጣሩ። ልጄ «አቤት እሜቴ» አለች። ሴትዮዋ በር ላይ ብቅ ሲሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ አብረው አቤት ሊሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ልመንህ ጊደሯን ሊፈታ ሮጠ፤ ያን ቀን ጊደር መሆኗ አልቆ ላም ሆና ነበር፣ ጥጃም አስከትላለች።

ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ደህና ኖርን። በእኔ ቤት ማስተዋል፣ በእሳቸው ቤት የሻረግ፣ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የክርስትና ስሟ። ቃልኪዳንና ወንድሞቿ የተወለዱት በዚያ ቤት ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ በእርጅናቸው ዓይናቸው ሲጠፋ፣ ልመንህ እንደነገረኝ፣ ቀኑን ሙሉ ያን አንድ ስም ይጠሩ ነበር፤ ልጄም በጠሯት ቁጥር ሄዳለች። ምራታቸው እንደ ልጅ ቀበረቻቸው።

ልማዱ ይመለስ ማለቴ አይደለም። ለምራቷ ስድብን ስም ብላ ያወጣች አማት እኔም አውቃለሁ፤ የአሥራ ሁለትና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መዳርም ኃጢአት ነበር፤ በኔ ቤትም ተደርጓል። ልጅ ያላችሁ ግን አንድ ነገር ከእኔ ስሙ። ልጃችሁን ከሰው እጅ የምታስጥሉ ሲመስላችሁ፣ የያዛት እጅ ምን ሊሰጣት እንደነበር ቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ያንን ስም የተከላከልኩት ለልጄ ብዬ አልነበረም። በአንድ ትንፋሽ ያነበብኩትን ቃል ሰው እንዳይነካብኝ ብዬ ነው። ጠጅቱ ስላስቆመችኝ፣ አባ ይትባረክ ስላላፈሩብኝ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽም ድንጋዩን በእጃቸው ስላወረዱልኝ በየቀኑ አመሰግናለሁ። የጠጅቱንም የእናቷን ቤት ስም ያን ሰሞን ጠይቄ ዐወቅሁ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ የእናቷ ቤት ነው።

እንግዲህ ያ ነገር ሁላችንን ምን እንዳስወጣን ስደምረው ይህ ነው። ከእኔ አንድ በግና የአንድ ቀን እፍረት። ከወይዘሮ ጥሩነሽ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ እሷንም በደስታ። ከአባ ይትባረክ የአንድ እሑድ መንገድ። ከጠጅቱ ለሽንኩርት ያመካኘችው እንባ። ልመንህም ሌላ አግባ ከሚሉት ዘመዶቹ ጋር ዓመት ተኳርፏል። ከዚህ ሌላ አሥራ አራት ወር አለ፤ በጭብጨባ የተጠራችበት። እሱን ብቻዋን የከፈለችው ምንም ያላጠፋችው ልጅ ናት፤ እስከ ዛሬም መልስልኝ ብላ አልጠየቀችኝም።